እማዬን በዊልቸር ዋሺንግተንን ላሳያት

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። እማዬ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ልትመጣልኝ ነው። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቤት ውስጥ ጥቂት ትራመዳለች፤ ውጭ ግን በዊልቸር ነው። እኔ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ መኪናዬ ትንሽ ናት። "ቤት እቀመጣለሁ፣ ሰው አላስቸግርም" እያለች ነው። እውነት ከተማውን ላሳያት እችላለሁ? ስሜ ይቅር።

መልስ፦ ትችያለሽ። እናቶቻችን "አላስቸግርም" ሲሉ እሺ አይባልም። ክረምቱን ሙሉ ሳሎን ተቀምጠው የዩቲዩብ ስብከት እያዩ ከተመለሱ ምኑን መጡት? እኔም በዊልቸር የምኖር ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

ትኬቱ ሲቆረጥ "ደረጃ አይወጡም፣ ጥቂት ግን ይራመዳሉ" ብለሽ በግልጽ አስመዝግቢ። የራሳቸውን ዊልቸር ይዘው ይምጡ፤ እንደ ሻንጣ አይቆጠርም፣ አይከፈልበትም። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሜትሮ የሚባለው የከተማው ባቡር፣ ሲልቨር ላይን በሚባለው መስመሩ፣ ደለስ ኤርፖርት ድረስ ይመጣል። ግን ከዚያ ሁሉ በረራ በኋላ ከነሻንጣቸው ባቡር ውስጥ አላስገባቸውም። ለዚያ ቀን ራምፕ ያለው ታክሲ ቀድመሽ ያዢ።

ከዚያ በኋላ ግን ባቡሩን የሚያክል የለም። 98ቱም የሜትሮ ጣቢያዎች ኤሌቬተር አላቸው። ይሄ በቸርነት የመጣ እንዳይመስልሽ። ሜትሮ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲጀምር ጋለሪ ፕሌስ ጣቢያ ኤሌቬተሩ አልደረሰም ነበር። ፍርድ ቤት "አይከፈትም" አለ፤ ባቡሩ ለወራት ሳይቆም ያልፈው ነበር። በመጋቢት 1990 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ አካል ጉዳተኞች ዊልቸራቸውን ታች ትተው የካፒቶልን፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንጻን፣ ደረጃ በደረታቸው እየተሳቡ ወጡ። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የተፈረመው በዚያው ዓመት ሐምሌ ነው። ካፒቶል ፊት ፎቶ ስታነሺያቸው ይሄን ንገሪያቸው።

ጣጣው ኤሌቬተር ይበላሻል። ብዙ ጣቢያ ላይ ሁለት ነው የምትይዙት፤ አንዱ ከመንገድ ወደ መክፈያው፣ ሌላው ከመክፈያው ወደ ባቡሩ። አንዱ ከቆመ መንገዱ ተዘጋ። ስለዚህ ከቤት ሳትወጪ የመነሻሽንም የመድረሻሽንም የሜትሮ ገጽ ላይ እዪ። እዚያ ከደረስሽ በኋላ ከሆነ ያወቅሽው፣ የጣቢያውን ሠራተኛ ጥሪና ማመላለሻ መኪና ጠይቂ። መለማመጥ የለም፣ ሥራቸው ነው። ኤሌቬተሩ ደግሞ ከኤስካሌተሩ አጠገብ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንዴ መንገድ ማዶ ነው።

የባቡሩ ወለል ከመድረኩ እኩል ነው፣ መሐል ላይ ግን ትንሽ ክፍተት አለች። ትናንሾቹ የፊት ጎማዎች እዚያ እንዳይገቡ ዊልቸሩን አዙሪና በትልቁ ጎማ በኩል እየሳብሽ አስገቢያቸው። ባስ ከሆነ ቀላል ነው፤ ዝቅ ይልና ሾፌሩ ራምፑን ይዘረጋል።

ቤት ድረስ መጥቶ የሚወስድ ሜትሮአክሰስ የሚባል አገልግሎትም አለ። በሕጉ መሠረት እንግዳም በዓመት ውስጥ እስከ 21 ቀን ሊጠቀምበት ይችላል። ሳይመጡ ደውለሽ ጨርሺው። እኔ የማስቀምጠው ለእሁድ ነው። እናትሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ሊንከንን አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያኑ የት ነው ነው የሚሉሽ። እሁድ ጠዋት ባቡሩ ከሥራ ቀን ዘግይቶ ይጀምራል፤ እሳቸው ደግሞ ቅዳሴ ሳይገባ መድረስ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ አስይዢ።

የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ነጻ ናቸው፣ ዊልቸርም ያውሳሉ። በቀን አንድ ይበቃል። ሙዚየሞቹ በዙሪያው ባሉበት ናሽናል ሞል በሚባለው ሰፊ ሜዳ መሐል ያለው የጠጠር መንገድ ጎማ ይይዛል፤ በዳር ያለውን የእግረኛ መንገድ ያዢ። ሊንከን መታሰቢያ ከውኃው ጀምሮ 87 ደረጃ ነው፣ ግን ኤሌቬተር ተሠርቶለታል። እድሳት ላይ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ቀድመሽ አጣሪ። ጆርጅታውን ግን ይቅርብሽ። ሜትሮ የለውም፣ መንገዱም ጡብ ነው፤ ወገባቸውን ያንገጫግጫቸዋል።

አሁን ወደ ሐበሻ ቤቶቻችን ልምጣ። ዩ ስትሪት አካባቢ ያሉት ብዙዎቹ አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ናቸው። በሩ ላይ ደረጃ፣ ሽንት ቤቱ ምድር ቤት። ደውለሽ "ዊልቸር ይገባል?" ካልሽ "አዎ፣ ችግር የለም" ይሉሻል። ስትደርሺ አራት ጎረምሶች ሊሸከሟቸው ብቅ ይላሉ። ደግነታቸውን አልክድም፤ እኔንም ስንቴ አንስተውኛል፣ አንድም ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለእናትሽ ደግሞ አደጋ አለው። በስትሮክ የደከመ ክንድ ከተጎተተ ወይም ሰው በብብት ይዞ ካነሳው ትከሻው ከቦታው ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ስትደውዪ ስንት ደረጃ አለ፣ በሩ ምን ያህል ይሰፋል፣ ሽንት ቤቱ የት ነው ብለሽ ጠይቂ። ደረጃ ካለ ሌላ ቤት። እናንተ ሰፈር በገበያ ማዕከሎች ውስጥ ያሉት ባብዛኛው ምድር ላይ ናቸው፣ መኪናም በራቸው ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያውን ቀን ራቅ አትበዪ። ከኪንግ ስትሪት ተነስታችሁ ፔንታገን ሲቲ ድረስ ሂዱ፣ ገበያ አዳራሹ ውስጥ ቡና ጠጡና ተመለሱ። ባቡሩ ሲነሳ የዊልቸሩ ፍሬን መያዙን እዪ።