እንቆቅልሹን ልጅሽ ይጠይቅ፤ አንቺ ገምቺ

እህቴ፣ የአራት ዓመት ልጅሽ የሚፈልገውን በጣቱ እየጠቆመ «ይሄ» እና «ያ» ከማለት በቀር ብዙ እንደማይናገር፣ መዋለ ሕፃናቱም የእንስሳት ሥዕል ያለበትን ካርድ ግዙ እንዳላችሁ ጽፈሻል። በእንስሳት ግምት ጨዋታ ልጁን ለማናገር የቻለ ወላጅ ካለ ይንገረኝ ብለሻል። አለ። እኔም እንደ አንቺ ሐዋሳ ነው የምኖረው። ልጄ ዛሬ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን የሚያስቸግረን ዝም ማሰኘቱ ነው።

ከሁሉ በፊት ጆሮውን ሐኪም ይየው። በደንብ የማይሰማ ልጅ በጨዋታ ብቻ አፉን አይፈታም። የእኔ ልጅ ጆሮው ደህና ነበር፤ የአንቺም ደህና ነው ብዬ ልቀጥል።

1ኛ. በሥዕል ሳይሆን በሕይወት ባለ እንስሳ ጀምሪ፤ ያውም በሁለት ብቻ። በግና ፍየል ይበቃሉ። «ይህ ምንድን ነው?» ብለሽ አትፈትኚው፤ «ጭራቸውን እስቲ እይ» በይው። ፍየል ጭራዋን ወደ ላይ ቀስራ ትሄዳለች፣ በግ ላቱን ወደ ታች ጥሎ ይሄዳል። ልጄ ይህን ልዩነት በገዛ ዓይኑ ካገኘ በኋላ ያልነገርሁትን ይጨምር ጀመር፤ አንዷ ፂም እንዳላት፣ የሁለቱም ዓይን መካከል ያለው ጥቁሩ እንደ እኛ ክብ ሳይሆን ረዘም ብሎ የተጋደመ እንደሆነ እሱ ነው ያሳየኝ። እኔ ከገጠር ተወልጄ ይህን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

2ኛ. ድምፁን መጀመሪያ አትንገሪው። «እምቧ» ካልሽ ጨዋታው እዚያው አለቀ፤ ልጁ «ላም!» ብሎ ይሮጣል። ከገላው ጀምሪ፦ ፀጉር ነው ላባ? ቀጥሎ እግሩ፦ ሰኮና አለው ወይስ ጥፍር? ከዚያ የሚበላው። ድምፁ ለመጨረሻ ይቆይ። ከጠየቅሽ በኋላ ደግሞ ዝም በይ። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ልጁ አፉን ሊከፍት ሲል መልሱን የሚቀማበት ቤት አለ፤ እንደዚያ ያለውን ሰው በግልጽ «ተው» በይው፤ ቅር ቢለውም ይበለው። ልጁ «ላሙ አራት እግር አለው» ቢልሽ አታርሚው፤ «አዎ፣ ላሟ አራት እግር አላት» ብለሽ አስተካክለሽ ድገሚለት፣ ይበቃል።

3ኛ. ዋናው ይህ ነው፤ ብዙ ወላጅና ብዙ መምህር ጨዋታውን የሚያበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ሰው ሁልጊዜ ጠያቂ፣ ልጁ ሁልጊዜ መላሽ ይሆናል። ለመላሽ አንድ ስም ይበቃዋል። ጠያቂ ግን ያየውን ማስታወስ፣ ከሌላው መለየት፣ ከዚያም በአረፍተ ነገር መናገር አለበት፤ «ቀንድ የለውም፣ ሣር ይበላል፣ ጋማ አለው» ማለት ለአራት ዓመት ልጅ ትልቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ቶሎ ተለዋወጡ፤ እሱ ይጠይቅ፣ አንቺ ገምቺ፤ የጎደለህ ነገር አለ እያልሽ «ትልቅ ነው ትንሽ? የት ይኖራል?» ብለሽ አውጣጪው።

4ኛ ብዬ ስለ ካርዱ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን የደረሰብንን ካልነገርሁሽ ለምን እንደምቆጣ አይገባሽም። እኛንም መዋለ ሕፃናቱ 1,200 ብር አስከፍሎ ካርድ ሰጠን። ፔንግዊን፣ ካንጋሮ፣ የዋልታ ድብ፤ ስማቸው ሁሉ በእንግሊዝኛ። ልጄ ካንጋሮን አይቶ ስሙን ሲጠራ ተጨበጨበለት። በዚያው ሳምንት በራችን ላይ የቆመችውን ፍየል «በግ» አላት። ጥቂት ቆይቶ በመገናኛ ደብተሩ ላይ «ልጁ ደካማ ነው፣ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ አነጋግሩት» የሚል ተጻፈልን። አንድን ሕፃን ደካማ ብሎ በቀይ ቀለም መጻፍ!

ቢሮ ሄድሁ። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። ርዕሰ መምህሯ ተቀመጪ እንኳ ሳትለኝ «ፍጠኚ» አለችኝ። በሳምንት አንድ ቀን መጥቼ ከልጆቹ ጋር በአማርኛ እንቆቅልሽ ልጫወት፣ ክፍያ አልፈልግም አልኋት። «ወላጆች ልጆቻችሁን ወደ ኋላ ትጎትታላችሁ» አለች። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ራሱ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማሩ እንደሚጠቅመው ተቀብሎ ነው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ያደረገው፤ ይህን ብነግራት «ካልተስማማሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ» ብላ በሩን አሳየችኝ። ፈለግሁ፤ አገኘሁም። አሁን ያለበት ትምህርት ቤት ቀለም የተቀባ ግድግዳ የለውም፣ ግን መምህሯ ልጆቹን ግቢ አውጥታ ጉንዳን ታሳያቸዋለች።

የልጄ አፍ የተፈታው ግን እዚሁ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲበልቱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ወደ ዛፎቹ ቀና ስትዪ ጉሬዛ አለ። ጉሬዛንና ጦጣን ለይ ብዬ ተውሁት። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ረጅም ጭራው ጫፉ ላይ ጎፈር አለው፣ ቅጠል እየበላ ዛፍ ላይ ይውላል፤ ጦጣ ግን ወርዳ ሙዝሽን ትነጥቅሻለች። ጉሬዛ አውራ ጣት እንደሌለው፣ ግልገሉም ሲወለድ ሙሉ ነጭ እንደሆነ ስነግረው፣ ነጭ ግልገል እስኪያገኝ ድረስ ከዛፍ ዛፍ እየዞረ አንጋጠጠ። በእጁ እንዲያበላቸው ብቻ አትፍቀጂለት፤ ይነክሳሉ።

ያን ቀን ማታ ለአባቴ «እንቆቅልህ» አለ። «ምን አውቅልህ» አሉት። «ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያለው፣ ዓሣ ስጡኝ ብሎ የሚቆም» አላቸው። ወራት ሙሉ በጣቱ ሲጠቁም የኖረ ልጅ! አባቴ መልሱ ጠፍቷቸው «አገር ስጠኝ» ሲላቸው ወንዶ ገነትን ሰጡት። እንደ ወጉ አገር ከተሰጠ በኋላ የሚመጣውን ስድብ እኔ አስቀርቼዋለሁ፤ አባቴ ግን ያለ ስድቡ እንቆቅልሽ ጣዕም የለውም ብለው እስከ ዛሬ ይከራከሩኛል።

አማቴ በሲዳምኛ ነው የሚያጫውቱት። ቋንቋ ይደበላለቅበታል የሚሉሽን አትስሚ፤ ልጄ ለእሳቸው በሲዳምኛ፣ ለእኔ በአማርኛ እየለየ ነው የሚጠይቀው።

ካርዱን ልግዛ ወይ ላልሽው፣ አትግዢ። የግድ ነው ካሉሽ መመሪያውን በጽሑፍ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፣ ከከፈልሽም ደረሰኝ ሳትቀበዪ ከቢሮው አትውጪ፤ እኔ የጠየቅሁ ዕለት ነው ድምፃቸው ዝቅ ያለው።