ሲቀዘቅዝ ለማይነሳው የድሮ ኢንጀክሽን መኪና

ወንድሜ፣ ሲሞቅ ወዲያው የሚነሳና ጠዋት ላይ ግን ሞተሪኖው ብዙ ካልዞረ የማይነሳ ከሆነ፣ ካንዴላ ለመቀየር አትቸኩል። መጀመሪያ ቁልፉን ክፈትና ሞተሪኖ ሳትመታ ሁለት ሰከንድ ጠብቅ። ከኋላ የነዳጅ ፓምፑ ዝዝ ሲል ትሰማለህ (በጣም የቆዩት ላይ ላይሰማ ይችላል)። ሁለት ሦስቴ ከፍተህ ዝጋና አስነሳ። አሁን ቶሎ ከተነሳ፣ የነዳጁ ግፊት ሌሊቱን እየወረደ ነው ማለት ነው። የፓምፑን ቼክ ቫልቭ (ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘውን) እና የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨውን) ፈትሽ።

ለውጥ ከሌለው እኔ የምጠረጥረው የሞተር ሙቀት ሴንሰሩን ነው። እሱ ሲበላሽ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የሞቀ ይመስለውና ቤንዚን ይሰስታል። ሶኬቱን ነቅለህ ሴንሰሩን በቴስተር ለካው። ብዙዎቹ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም (ከ2000 እስከ 3000 ኦም) ያሳያሉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ 300 ኦም ካነበብክ፣ ሴንሰሩ እየዋሸ ነው፤ ቀይረው።