ሌሊት ለሚያነበው ሰው
ስለ ሎግ፣ ለጀማሪ ፕሮግራመሮች

ልጆቼ፣

«ስህተት ተፈጥሯል።»

ይህችን መስመር አንድ ሌሊት ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ድረስ ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። የአንድ ድርጅት የክፍያ ፕሮግራም ቆሞ በስልክ ከእንቅልፌ ቀሰቀሱኝ። ሰርቨሩ ወዳለበት ክፍል ገብቼ፣ ካፖርቴን እንኳን ሳላወልቅ የሎግ ፋይሉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሠራውንና የደረሰበትን እየመዘገበ የሚያስቀምጥበትን ፋይል፣ ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች ያለው ይኸው ብቻ ነው፤ ስህተት ተፈጥሯል፣ ስህተት ተፈጥሯል፣ ስህተት ተፈጥሯል። መቼ? የት? ምን ሲሠራ? መልስ የለም። ኮዱን መስመር በመስመር ተከትዬ ሊነጋጋ ሲል ደረስኩበት። ፕሮግራሙ ዕለታዊ ሪፖርት የሚያስቀምጥበትን ፎልደር የመጻፍ ፈቃድ አንድ ሰው ቀይሮት ኖሯል። የፎልደሩ ስም እዚያች መስመር ላይ ቢጻፍ ኖሮ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። መስመሯን የጻፋትን ሰው በሆዴ ስረግመው ነው ያደርኩት። እኔው ነበርኩ። ከአራት ዓመት በፊት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከቢሮ ለመውጣት ስጣደፍ የጻፍኳት ናት።

ከዚያ ወዲህ አብረውኝ ሊሠሩ ለሚመጡ ጀማሪዎች ሁሉ የመጀመሪያው የቤት ሥራ አንድ ነው፤ ከሁለት መቶ መስመር የማይበልጥ የሎግ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ሎግ ለመጻፍ የሚጠሩት ኮድ፣ ጽፋችሁ አምጡ እላለሁ። ፊታቸው ላይ ቅሬታ አነባለሁ። «የተዘጋጀ እያለ ለምን?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ፓይተን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከራሱ ጋር የሚመጣ የሎግ ላይብረሪ አለው፤ ለጃቫም ከበቂ በላይ ሞልቷል። ለሥራችሁ የተዘጋጀውን ተጠቀሙ፤ አልከለክላችሁም። ነገር ግን እንጀራ ጋግሮ የማያውቅ ሰው ዓይን ያላወጣ እንጀራ ሲቀርብለት ጥፋቱ የሊጡ ይሁን የምጣዱ መለየት አይችልም። አንድ ጊዜ ራሳችሁ ጋግሩት።

አባቴ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነበር። ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ነበረው። መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ቀን፣ ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ ምክንያት፣ ፊርማ፤ ይህን ቅደም ተከተል አንድም ቀን ሲያዛንፍ አላየሁም። ሲሳሳት አይፍቅም። በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጊዜ ይሰርዝና ትክክለኛውን ከሥሩ ጽፎ ይፈርምበታል። ከጻፈው ቀጥሎ ባዶ ቦታ ከተረፈ፣ ኋላ ማንም እንዳይጨምርበት እስከ ወረቀቱ ዳር ያሰምርበታል። አንድ ቀን ሁለት አባላት ባለፈ መዋጮ ተጣልተው ቤታችን ድረስ መጡ። አባቴ ምንም አልተናገረም፤ መዝገቡን ከፍቶ ወደ እነሱ አዞረላቸው፣ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ፣ ነገሩ እዚያው አለቀ።

እኔ ስለ ሎግ የማውቀው አብዛኛው ነገር ከዚያ መዝገብ የመጣ ነው። ላይብረሪያችሁ ከፋይሉ መጨረሻ ላይ ይጨምር እንጂ የተጻፈውን አይንካ። የመስመሩ ቅርጽ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ዛሬ ያችን የሌሊት መስመር ብጽፋት እንዲህ ትሆን ነበር፦

2024-11-05 21:40:22.431 +00:00 | ስህተት | ሪፖርት | ፋይል መጻፍ አልተቻለም፤ ፎልደር=ዕለታዊ፤ ምክንያት=ፈቃድ የለም፤ የክፍያ ቁጥር=4471

ያ ከጽሑፉ ቀጥሎ የሚሰመረው መስመርም እኛ ዘንድ ቦታ አለው። ተጠቃሚው በስም መሙያው ሳጥን ውስጥ ስሙን ጽፎ፣ አዲስ መስመር ጀምሮ፣ የናንተን ሎግ የመሰለ የሐሰት መስመር ቢጨምርበትስ? እንዳለ ከጻፋችሁት ያልተደረገው ነገር እንደተደረገ ሆኖ መዝገባችሁ ላይ ይቀመጣል። ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ውስጥ ያለውን የመስመር መቁረጫ ምልክት ወደ ሌላ የሚታይ ምልክት ቀይራችሁ ጻፉት። አንድ ድርጊት፣ አንድ መስመር።

አሁን ስለ ሰዓት ልንገራችሁ፤ በዚህ ጉዳይ የእኛ አገር ፕሮግራመር ከሌላው የበለጠ ፈተና አለበት። አንድ ጊዜ ከአንድ ቅርንጫፍ «3:15 ላይ ተቋረጠብን» የሚል ወረቀት ደረሰኝ። ሎጉን ከፍቼ ወደ 03:15 ሄድኩ። እዚያ የሌሊቱ የመረጃ ቅጂ ሥራ ያወጣቸው ሁለት ሦስት ማስጠንቀቂያዎች ነበሩ፤ ግማሽ ቀን እነሱን ሳሳድድ ዋልኩ። ገንዘብ ያዧ የጻፈችው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ማለትም በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 09:15። የሰርቨሩ ሰዓት ደግሞ የተሞላው በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት በዩቲሲ ስለነበር ድርጊቱ የተመዘገበው 06:15 ላይ ነው። አንድ ብልሽት፣ ሦስት ሰዓት፤ ሦስቱም ትክክል! እኔ ሰዓት ሲቆጠር ከአንድ ብሎ መጀመርን በእናቴ ቤት የተማርኩ ሰው፣ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ረሳሁት።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። ፋይሉ ውስጥ የሚገባው ሰዓት ሁልጊዜ በዩቲሲ ይሁን፤ ከዩቲሲ ያለው ልዩነትም አብሮ ይጻፍ፤ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በአራት አኃዝ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን። እንዲህ ሲሆን መስመሮቹን በፊደል ተራ መደርደር ማለት በጊዜ መደርደር ማለት ነው። ለሰው ስታሳዩ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት፤ 13ኛዋ ወር ጳጉሜንም ያኔ ትምጣ። ይህ የጀማሪ ስህተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዩኒክስ ማሽኖች ላይ ለረጅም ጊዜ ያገለገለውና እ.ኤ.አ. በ2001 አርኤፍሲ 3164 በሚባለው ሰነድ የተመዘገበው የሲስሎግ፣ ማለትም የማሽኑን ሎግ የሚሰበስበው ፕሮግራም፣ ቅርጽ ዓመትም የሰዓት ቀጠናም አልነበረውም፤ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት ብቻ። የታኅሣሥን ፋይል ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው የየትኛው ዓመት ታኅሣሥ እንደሆነ በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አርኤፍሲ 5424 ነው ያስተካከለው።

ሲስሎግን ካነሳሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጻፈው ኤሪክ ኦልማን ነው፤ ሴንድሜል ለተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ብሎ። የመልእክት ክብደትን ከ0 እስከ 7 በስምንት ደረጃ ይከፍላል፤ ከሁሉ የሚከፋው 0 ነው። ፓይተን ደግሞ ገልብጦት ከባዱን ትልቅ ቁጥር ይሰጠዋል፤ 10፣ 20፣ 30፣ 40፣ 50 እያለ በመሀል ቦታ እየተወ። ሁለቱን የሚያገናኝ ኮድ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ለእናንተ ላይብረሪ አራት ደረጃ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ምርመራ፣ መረጃ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ስህተት። ስምንት ደረጃ ያለው ቤት ውስጥ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ብልሽቱ ሳይሆን አምስተኛ ነው ስድስተኛ ነው በሚለው ነው። መለያዬ ቀላል ናት። ሰው ከእንቅልፉ ሊቀሰቀስበት የሚገባ ከሆነ ስህተት ነው። ነገ ጠዋት ቡና እየጠጣ ሊያየው የሚችል ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። ደረጃው እንዳይጻፍ የተዘጋ ከሆነ ደግሞ መልእክቱን ማዘጋጀት ውስጥ ሳትገቡ ተመለሱ፤ ማንም የማያነበውን ዓረፍተ ነገር በሴኮንድ ሺህ ጊዜ የሚያቀናጅ ፕሮግራም አይቻለሁ።

አንድ የኛ ብቻ የሆነ ወጥመድም አለ። የደረጃውን ስም በአማርኛ ስትጽፉ ኮዱ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይውሰድ። አንዱ «ስህተት»፣ ሌላው «ስሕተት» ብሎ ከጻፈ በአንደኛው ስትፈልጉ ሌላኛው አይገኝም። ለዓይን ያው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሀ እና ሐ ተዛምደው አያውቁም። ደግሞም ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ፊደላችን አንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። ረጅም መልእክት ለማሳጠር 200ኛው ባይት ላይ የሚቆርጥ ኮድ ጽፌ፣ መቁረጫው ፊደል መሀል ላይ እያረፈ የመስመሩ ጫፍ በጥያቄ ምልክት ተሞልቶብኝ ነበር። ስትቆርጡ በፊደል ቁጠሩ።

ሎግ ራሱ ፕሮግራሙን ሊገድለው ይችላል። ይህን የተማርኩት በገዛ እጄ በሠራሁት ላይብረሪ ነው። ሳምንታት እያለፉ ፋይሉ አደገ፣ አደገ፣ አንድ ሰኞ ዲስኩ ሞላ። የመረጃ ቋቱ መጻፍ አቃተው፣ አገልግሎቱ ቆመ፣ የእኔ ላይብረሪ ደግሞ «ዲስክ ሞልቷል» ብሎ ሊጽፍ እየሞከረ በዚያው ምክንያት ወደቀ። ለእሳት ማጥፊያ የቆመ በርሜል ቤቱን አጥለቀለቀው እንደማለት ነው። ፋይሉ 10 ሜጋባይት ሲደርስ ዝጉትና አዲስ ክፈቱ፤ አሮጌዎቹን አምስት ብቻ አስቀሩ። ቢበዛ 60 ሜጋባይት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። መጻፍ ሲያቅተው ደግሞ ላይብረሪው ስንት መልእክት እንዳመለጠው ይቁጠር፣ ቢችል በስህተት መውጫው (stderr) በኩል አንድ ጊዜ ይናገር፣ ከዚያ ዝም ብሎ ዋናውን ሥራ ያሳልፍ። ክፍያው ተሳክቶ ሳለ ወሬው አልተጻፈም ተብሎ የደንበኛ ገንዘብ መመለስ የለበትም።

መብራት የሚጠፋበት አገር ውስጥ ስለምንሠራ ይህንም ልጨምር። የጻፋችሁት መስመር ወዲያው ዲስክ ላይ አይደርስም፤ መጀመሪያ በፕሮግራሙ ማህደረ ትውስታ ውስጥ፣ ቀጥሎ ስርዓተ ክወናው ዘንድ ወረፋ ይጠብቃል። ፕሮግራሙ ድንገት ሲሞት ከፊተኛው ወረፋ ላይ ያሉት ይጠፋሉ፤ መብራት ሲሄድ የሁለተኛውም። የሚጠፉት ደግሞ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ናቸው፤ እነሱን ነበር የምንፈልጋቸው። እያንዳንዱን መስመር ዲስክ ድረስ ማስገደድ ፕሮግራሙን ያዘገየዋል። እኔ ስህተት የሚል ደረጃ ያለውን ብቻ ወዲያው አስገድዳለሁ፤ የቀረውን ወረፋው እንዳለው።

ብዙ ሥራ ጎን ለጎን የሚሠራ ፕሮግራም ከሆነ ሁለት መስመሮች ፊደላቸው እንዳይደበላለቅ፣ አንዱ ጽፎ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቅ። ይህን የተዘጋጁት መጻሕፍት ከእኔ በተሻለ ያስረዷችኋል።

የማይጻፈውን ማወቅ ግን ከመጽሐፍ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ትዊተር 330 ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚዎቹን የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ ብሎ ለመነ። የሰበረው ሌባ አልነበረም። የይለፍ ቃሎቹ ከመመስጠራቸው በፊት የውስጥ ሎግ ላይ እንዳሉ ይጻፉ ነበር። አንድ ፕሮግራመር ብልሽት ለማግኘት ብሎ የመጣውን ሁሉ ቢጽፍ የሚሆነው ይህ ነው። የይለፍ ቃል፣ የሚስጥር ቁጥር፣ ሙሉ የሂሳብ ቁጥር አይጻፍም፤ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ለመለየት ይበቃሉ። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሎግ ፋይል ከአዋጁ ውጭ የሆነ ጓዳ አይደለም።

ሎግ ፎር ጄ ላይ የደረሰውንም አጥኑት። ይህ ጃቫ ላይ እጅግ የተስፋፋ ላይብረሪ መልእክቱን መጻፍ ብቻ ሳይሆን በመልእክቱ ውስጥ ያሉ ልዩ ምልክቶችን እንደ ትእዛዝ አንብቦ ከሌላ ማሽን መረጃ የማምጣት ችሎታ ተጨምሮበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013። ማን እንደፈለገው እንጃ። በዲሴምበር 2021 ነገሩ ሲጋለጥ የአደጋው መጠን ከ10 ላይ 10 ተሰጠው። ማይንክራፍት በተባለው ጨዋታ ላይ አንድ ሰው የውይይት ሳጥኑ ውስጥ አንድ መስመር በመጻፍ ብቻ የሌላውን ሰርቨር ማዘዝ ይችል ነበር። አባቴ ዘንድ «ሳጥኑን ክፈትና ገንዘቡን አውጣ» የሚል ስም ያለው ሰው ሊመዘገብ ቢመጣ መዝገቡ ላይ ስሙን ይጽፋል እንጂ ሳጥኑን አይከፍትም። ጓደኞቻችሁ «ይህን ቢጨምር፣ ያንን ቢችል» ሲሏችሁ እምቢ በሉ። ኢሜይል አይላክ፣ ቀለም አይቀባ፣ የተጻፈውን አይተርጉም።

ሥራችሁን ጨርሳችሁ ስታመጡልኝ የማደርገውን ልንገራችሁና ላብቃ፤ ራሳችሁ ቀድማችሁ እንድትሞክሩት። የሙከራ ፕሮግራማችሁ እየሠራ ሳለ የፎልደሩን ፈቃድ እከለክላለሁ፣ ዲስኩን እሞላለሁ፣ ገመዱንም እነቅላለሁ። ከዚያ ኮዱን አይቶት ለማያውቅ ሰው የሎግ ፋይሉን ብቻ እሰጠውና ምን እንደደረሰ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ አታስረዱትም፤ ውጡና ቡና ጠጡ። ጥያቄ ይዞ ተከትሏችሁ ከመጣ፣ የጠየቃችሁን ቃል መስመሩ ላይ ጨምሩና ፋይሉን መልሳችሁ ስጡት።