«መቼ?» ማለት ያቃተኝ ቀን

ባለፈው ወር ጀማሪ ጋዜጠኞች ሥልጠና ላይ ስለ ቃለ መጠይቅ እንዳወራላቸው ተጋብዤ ነበር። ሻይ ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ማኪያቶዋን እንደያዘች መጣችና «ጋሼ፣ መሥሪያ ቤቶች ስንደውል የሕዝብ ግንኙነቶቹ ‹መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ላኩ› ይሉናል። በእናንተ ጊዜ ትልኩ ነበር?» አለችኝ። «ርዕሱን እንጂ ጥያቄውንማ አንልክም» አልኳት፤ ኮራ ብዬ። ከደረጃው ሳልወርድ ውሸቴ ትዝ አለኝ።

ጊዜው 1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ወሎ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ የውሃ ፕሮጀክት ሲመረቅ ዜናውን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ሪባን ተቆረጠ፣ ቦኖው ተንፎለፎለ፣ እልል ተባለ። ከስምንት ወር በኋላ ለሌላ ሥራ በዚያ በኩል ስናልፍ ሹፌራችን ለራዲያተሩ ውሃ ሊቀዳ ከዚያው ቦኖ አጠገብ መኪናውን አቆመ። ቦኖው ደርቋል። ጠባቂዋ ሴትዮ በተደፋ ጄሪካን ላይ ተቀምጠዋል፤ የቦኖውን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አስረውታል። ጠብታ የማይወጣውን ነገር ጠዋት እየከፈቱ ማታ ይቆልፉታል።

«አወቅኩህ» አሉኝ። «ያን ቀን ‹ደስታዎን ይግለጹልን› ብለህ ማይክ የደቀንክብኝ አንተ አይደለህ?»

ነኝ አልኩ።

«ያን ቀን የመረቁትን ሰውዬ ታገኛቸዋለህ?»

«አገኛቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ውሃው መቼ እንደሚመጣ ጠይቅልኝ። ለምን ጠፋ አላልኩህም። መቼ ብቻ።»

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሰውየው ፊት ተቀመጥኩ። ሰባት ጥያቄ አስተይቤ ቀደም ብዬ ልኬያለሁ፤ የሴትዮዋ አምስተኛው ነው። ወረቀቱ ሲመለስልኝ አንድም ነገር አልተሰረዘበትም። ይህን የምነግራችሁ ሳንሱር ላይ እንዳላመካኝ ነው። ብዙ የዕድሜ እኩዮቼ ዛሬ ሲጽፉ ጥፋቱን ሁሉ ለሳንሱር ይሰጡታል፤ እኔም ለሌሎች ቀኖቼ እሰጠዋለሁ፤ ለዚያ ቀን ግን አይሆንም።

ካሜራማኑ መብራት እያስተካከለ ሳለ ሰውየው «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ለካ አጎቴ አራተኛ ክፍል አስተምረዋቸዋል! ሳቁ፣ ተነሥተው ትከሻዬን ጨበጡ፣ ሻይ አዘዙ፣ አጎቴ በኩርኩም እንዴት እንደሚማቱ በእጃቸው አሳዩኝ። እኔም ዓይኔ እስኪያነባ ሳቅሁ። የማይኩን ክሊፕ ኮታቸው ላይ ስሰካ ጣቴ ይሞቀኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ «መንግሥት የኅብረተሰቡን የንጹህ መጠጥ ውሃ ችግር ለመቅረፍ ምን እየሠራ ይገኛል?» የሚል ነበር። አስራ አንድ ደቂቃ መለሱ። የካሜራችን የቤታካም ካሴት 30 ደቂቃ ነው የሚይዘው። አራተኛው ላይ ስንደርስ ራሳቸው «በአንዳንድ ከተሞች ውስንነቶች ታይተዋል፤ በቅርቡ ይፈታሉ» አሉ። ጣቴ አምስተኛው ጥያቄ ላይ ነበር። ቀና ብዬ ሳያቸው ፈገግ ብለዋል፤ የአጎቴ ተማሪ ናቸው። ራሴን ነቀነቅሁላቸውና ወደ ስድስተኛው አለፍኩ።

ስንወጣ ካሜራማኑ ኬብሉን እየጠቀለለ «አምስተኛዋስ?» አለኝ።

«መልሰዋታል እኮ» አልኩት።

ምንም አላለኝም። ኬብሉን ጠቅልሎ ጨረሰ።

ቆይቶ ሹፌራችን በዚያ አልፎ ነበርና ወሬ ይዞልኝ መጣ። ፕሮግራሙን ከተማው ቡና ቤት ተሰብስቦ አይቶታል። ሴትዮዋም በር ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አይተው «ጊዜ አጥሮበት ይሆናል» ብለው ሄዱ አለኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ምክር ከተባለ። ተዘጋጁ፣ ሰዓት አክብሩ የሚለውን ማንም ይነግራችኋል። እኔ የምላችሁ አማርኛችሁን ጠርጥሩት ነው። ቋንቋችን አድራጊውን መደበቅ ይችልበታል። «ተቋርጧል»፣ «ዘግይቷል»፣ «ታቅዷል»፣ «በጥናት ላይ ነው»። ማን አቋረጠው? ማን አዘገየው? «በቅርቡ» ስንት ወር ነው? «ከዚህ አኳያ» ሲመጣ ጆሯችሁ ይቁም። እኛ ራሳችን «እስኪ ቢያብራሩልን» እንላለን፤ ይህ ጥያቄ ሳይሆን ወንበር ማቅረብ ነው። አንድ የዜና አለቃ ነበሩን፤ ቆሎ እየቆረጠሙ የጥያቄያችንን ቃላት በእስክሪብቶ ይቆጥሩና ከአስራ አምስት ካለፈ «ይህ ንግግር ነው፣ ሂድና አዳራሽ ተከራይ» ይሉን ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና በቆሏቸው ስንት ወረቀት አቆሸሹብኝ።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። «የውሃ ሽፋኑ ይህን ያህል በመቶ ደረሰ» ሲሏችሁ ምን ተቆጥሮ እንደሆነ እወቁ። በአንድ ወቅት ለገጠር ሰው የሚቆጠረው በቀን 15 ሊትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር፤ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሆነ። ይህን የሚያውቅ ጋዜጠኛ «ፓምፑ የተቃጠለው ጉድጓድም ተቆጥሯል?» ይላል። የማያውቅ እንደ እኔ ራሱን ይነቀንቃል።

ፈረንጆቹ አገር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1997 የቢቢሲው ጄረሚ ፓክስማን የቀድሞውን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክል ሃዋርድን ስለ እስር ቤቶች አስተዳደር ሲያነጋግር አንዲቷን ጥያቄ ደርዘን ጊዜ ያህል ደጋግሞ ጠይቋቸዋል። በኋላ ራሱ ሲናገር የቀጠለው ተከታዩ ፊልም ስላልደረሰለት ነው ብሏል። ስለዚህ ያን ያህል ጀግና አታድርጉት። ግን ልብ በሉ፣ ጥያቄዋን አልቀያየራትም፤ ትህትናውንም አልጣለም። የእኛው 1997 ላይ የምርጫ ክርክሩ በቀጥታ ሲተላለፍ ሰው ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ላይ የተጣደው «መቼ?» የሚል ሰው ከማዶ ስለተቀመጠ ነው። የሚያፋጥጡት ተቀናቃኞቹ ነበሩ። እኛማ ሰዓት ያዥ ነበርን።

የዛሬዎቹ ደፋሮች ናችሁ፤ ከእኛ ትሻላላችሁ። ግን ድምፅ ከፍ ማድረግን ጥያቄ አድርጋችሁታል። አርባ ሰከንዷን ቆርጣችሁ «ጋዜጠኛዋ ሚኒስትሩን አፋጠጠች» ብላችሁ ቲክቶክ ላይ ትለጥፋላችሁ፤ ሙሉውን ሳየው ሰውየው ምንም ሳይመልስ ተሰናብቷል። ታላቅ ሰውን «አንተ» ማለትም ነፃነት መስሏችኋል። እርስዎ እያሉም እኮ «አልመለሱልኝም» ማለት ይቻላል።

ሻያቸውን አትጠጡ ልላችሁ ነበር። ግን በሥራ ዘመኔ ካገኘኋቸው ሁለት ትልልቅ ዜናዎች አንዱ ካሜራ ጠፍቶ ቡና ላይ የተነገረኝ ነው። ጠጡ እንግዲህ፤ ጥያቄያችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ።

ስልኳን ሳልቀበላት ለሄደችው ልጅ፦ ልጄ፣ እልክ ነበር። ሰባቱንም። የጎደለችው አንዷ እጄ ላይ ነበረች።