«ፕሬዚዳንቱ ከፎቶ በቀር ምን ይሠራሉ?» ጥያቄና መልስ

ማኅበራችን አዲስ ፕሬዚዳንት ከመረጠ ወዲህ አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ነው፦ «ሰውየው ምን እየሠሩ ነው?» በግንባታ ባለሙያዎች ማኅበር የውል ኮሚቴ ውስጥ ዓመታት ቆይቻለሁ። ቃል አቀባያቸው ግን አይደለሁም። የማውቀውን እመልሳለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ቅሬታው ለእኔ ይሁን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በስድስት ወር ያየነው ሁለት ምርቃትና አንድ ዐውደ ርእይ ነው። ሌላው ሥራ የታለ?

አልፈርድብህም። ሪባን ሲቆረጥ ካሜራ አለ። አንዲት አንቀጽ ከውል እንዳትወጣ ሦስት ሰዓት ሲከራከሩ ግን ማን ፎቶ ያነሳል? ሰሞኑን የፕሬዚዳንቱን ጊዜ የበላው ይሄ ሁለተኛው ነው። አሠሪዎች ለጨረታ በሚያወጡት ሰነድ ላይ የመደበኛውን ውል አንቀጾች ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ። እሳቸው ደግሞ አሠሪ ቤት ለአሠሪ ቤት እየዞሩ «መልሱት» ይላሉ። ዜና አይሆንም። የወር ደሞዛችን የሚመጣው ግን ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የትኛው አንቀጽ ነው እንዲህ የሚያለፋው?

በመጀመሪያ የክፍያው። ብዙዎቻችን የምንሠራበት ውል የፊዲክ ነው። ፊዲክ በ1913 የተመሠረተ የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ነው። በ1999 ባወጣው፣ «ቀይ መጽሐፍ» በሚባለው የግንባታ ውል ቅጽ መሠረት ተቋራጩ የሠራውን ለክቶ የክፍያ ጥያቄ ያስገባል። ሥራውን ለአሠሪው የሚቆጣጠረው መሐንዲስ በ28 ቀን ውስጥ የክፍያ ሰርተፊኬት ያወጣል። አሠሪው፣ መሐንዲሱ ጥያቄውን ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ በ56 ቀን ውስጥ ይከፍላል። ካሳለፈ ወለድ ይቆጠርበታል። ተቋራጩም የ21 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን ማቆም ወይም ማቀዝቀዝ ይችላል።

ጉዱ ያለው «ልዩ ሁኔታዎች» የሚባለው፣ መደበኛው ውል ለየፕሮጀክቱ የሚሻሻልበት ክፍል ላይ ነው። እዚያ 56 ይሰረዝና ሌላ ቁጥር ይገባል። ወለዱ ይወጣል። ሥራ የማቆም መብቱም አብሮ ይሄዳል። ተቋራጩ ሥራውን ስለሚፈልግ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርማል። ገንዘቡ ሲዘገይ ጾም የሚያድረው እሱ ብቻ አይደለም፤ ንዑስ ተቋራጩም፣ ፌሮ ቆራጩም፣ የማሽን አከራዩም ነው። አንድ ተቋራጭ ለብቻው ቢጮህ በሚቀጥለው ጨረታ ይገፋል። ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በሁሉም ስም ሲነገር ተናጋሪው አይታወቅም።

ጥያቄ፦ የብረት ዋጋ ሲያብድ ፕሬዚዳንቱ «የዋጋ ማስተካከያ ይደረግልን» ይላሉ። ውሉ ውስጥ ቀድሞም አለ አይደል እንዴ?

አለ፣ የለምም። በዚያው ቀይ መጽሐፍ አንቀጽ 13.8 ላይ ቀመር አለ። እንደሚከተለው ይሠራል። ከክፍያው 0.20 ዋጋ ቢለዋወጥም የማይነካ ነው እንበል። ጉልበት 0.30፣ ብረት 0.25፣ ሲሚንቶ 0.25። ድምሩ 1.00 ነው። ሌላው ባለበት ቆሞ ብረት ብቻ 40 በመቶ ቢጨምር፣ የብረቱ 0.25 ወደ 0.35 ያድጋል። ድምሩ 1.10 ይሆናል። የዚያ ወር ክፍያህ 10 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ብረት 40 ጨምሮ አንተ 40 አታገኝም፤ ይህን ብዙ ሰው ይስታል።

«የለምም» ያልኩት ወዲህ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የሚሞሉበት ሠንጠረዥ አለ። ሠንጠረዡ ሰነዱ ውስጥ ከሌለ አንቀጹ ራሱ «እኔ አልሠራም» ይላል። መሰረዝ እንኳን አያስፈልግም፤ ሳይሞሉት መተው ይበቃል። የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ የማኅበራችን አባል ሰነዱን ይዞልኝ መጣ። አንቀጹ ከነሙሉ ክብሩ አለ። ገጹን ስገልጥ መስመሮቹ ተሰምረዋል፣ ርዕሱ ተጽፏል፣ ውስጡ ግን ነጭ ነው። ፊርማው ከተፈረመ ስምንት ወር አልፎታል። ምን ልበለው? ቡና ጋበዝኩት።

ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ሲጮሁ አዲስ ሕግ እየለመኑ አይደለም። ያቺ ሠንጠረዥ ከጨረታው በፊት ትሞላ ነው የሚሉት። በበኩሌ ግማሹን ጥፋት የምጥለው በእኛው ላይ ነው። ለጨረታ ማብራሪያ የሚጠየቅበት ጊዜ እያለ ማንም እጁን አያወጣም።

ጥያቄ፦ ክሌም (የተጨማሪ ጊዜና ገንዘብ ጥያቄ) አቅርበን «ጊዜው አልፏል» ተባልን። ማኅበሩ ጣልቃ ይገባልን?

እህቴ፣ መልሱ ደስ አይልሽም። በዚያው በ1999ኙ ቅጽ ጉዳዩን ካወቃችሁበት ወይም ማወቅ ከነበረባችሁ ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ ካልሰጣችሁ ተጨማሪ ጊዜም ገንዘብም የለም። ማስረጃውና ስሌቱ በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ የምትፈለገው አንዲት ደብዳቤ ናት፤ ግማሽ ገጽ ትበቃለች። የእኛ ሰው ግን «ከመሐንዲሱ ጋር ተነጋግረናል፣ እሱም ያውቃል» ይላል። መሐንዲሱ ይቀየራል፤ ንግግሩም አብሮት ይሄዳል። ማኅበሩ ያለፈ ቀን አይመልስም። ሥልጠናው ግን በሚቀጥለው ወር አለ። የቢሮ ሰው ብቻ አትላኩ፤ ሳይት ላይ የሚውለውም ይምጣ።

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ተቋራጭ ናቸው። ለራሳቸው ቢሠሩስ?

ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው። የሚነካቸው አጀንዳ ሲመጣ አስቀድመው ይናገራሉ፣ ከክፍሉ ይወጣሉ፣ ይህም በቃለ ጉባኤ ይያዛል። ቃለ ጉባኤውን ማየት መብትህ ነው። ካልተያዘ ጠይቅ፤ እኔም እደግፍሃለሁ።

ጥያቄ፦ የሥነ ምግባር ኮሚቴው እንደገና ሊቋቋም ነው ተባለ። ሰው ከማስፈራራት በቀር ምን ይፈይዳል?

በ1981 ሐምሌ ላይ አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ በሚገኘው ሃያት ሬጀንሲ ሆቴል የሆነውን ላስታውስህ። ሁለት የመተላለፊያ ድልድዮች፣ አንዱ በአራተኛ ሌላው በሁለተኛ ፎቅ ከፍታ፣ ከጣሪያው በብረት ዘንግ ተንጠልጥለው ነበር። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱንም የሚይዘው ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ዘንግ ነው። ለመሥራት አስቸጋሪ ስለነበር ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ። የታችኛው ድልድይ ከላይኛው ድልድይ አግዳሚ ላይ ተንጠለጠለ።

ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለዋል በል። እያንዳንዱ በእጁ የሚይዘው የራሱን ክብደት ነው። አሁን የታችኛው ገመዱን ለቆ የላይኛውን እግር ይያዝ። ገመዱ ምንም አልተጨመረበትም፤ የላይኛው ሰው እጅ ግን ሁለት ሰው ተሸከመ። በሆቴሉ የላይኛው ድልድይ ብሎን ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ያውም የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ ደካማ ነበር። 114 ሰው ሞተ።

ለውጡ ያለፈው በሾፕ ድሮዊንግ፣ ማለትም ብረቱን የሚሠራው ድርጅት በሚያዘጋጀው ዝርዝር ሥዕል ነው። ወረቀቱ ላይ ማኅተም ነበረ፤ ስሌቱን እንደገና የሠራ ግን አልነበረም። ሁለት መሐንዲሶች በሚዙሪ ግዛት ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ኮሚቴው የሚፈይደው ይህን ነው፦ ማኅተም ያደረገ ሰው «አላየሁትም» ብሎ እንዳያመልጥ። ፕሬዚዳንቱ በዚህ ጉዳይ ከአባላት ብዙ ወቀሳ ደርሶባቸዋል። እኔ ግን ከሠሩት ሁሉ የማከብረው ይሄንን ነው።

ጥያቄ፦ ገና ከተመረቅኩ ዓመቴ ነው። ማኅበር የሽማግሌዎች አይደለም እንዴ?

የእንግሊዝ ሲቪል መሐንዲሶች ተቋም በ1818 ለንደን ውስጥ ሲመሠረት የተሰበሰቡት ወጣቶች ናቸው፤ ያውም አንድ ቡና መሸጫ ቤት ውስጥ። ሁለት ዓመት ሲፍጨረጨሩ ቆዩና በ1820 ስሙ የገነነውን ቶማስ ቴልፎርድን ፕሬዚዳንት ሁንልን አሉት። ሰውየው ሙያውን የጀመረው በድንጋይ ጠራቢነት ነው። እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1834፣ መራቸው። በ1828 ደግሞ የንጉሥ ቻርተር አገኙ። እና ና፤ ወንበር አለ።

ጥያቄ፦ ደኅንነትስ? ሳይት ላይ ሰው ከስካፎልዲንግ ሲወድቅ ማኅበሩ የሐዘን መግለጫ ብቻ ያወጣል።

ልክ ነህ፤ መግለጫው ያሳፍረኛል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1988 ያወጣው የግንባታ ደኅንነት ስምምነት፣ ቁጥር 167፣ ለሠራተኛው አንድ ትልቅ ነገር ይሰጠዋል፦ ከባድ አደጋ ፊቱ እንደተደቀነ በቂ ምክንያት ኖሮት ካመነ ከቦታው ገለል ማለት ይችላል። ወዲያውም ለአለቃው ያሳውቃል። ፕሬዚዳንቱ ይህ በየሳይቱ በር ላይ እንዲለጠፍ ጠይቀዋል። እስካሁን የለጠፈ አላየሁም።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ፣ ቀልድም ቢሆን፦ በፎቶው ሁሉ ላይ አዲስ ነጭ ሄልሜት ለምን?

ቀለሙን ተወው፤ የትም የሚሠራ አንድ ደንብ የለውም። ይልቅ ያንተን ገልብጠህ ከጠርዙ ሥር እይ። በሰዓት ቅርጽ የተሠራች ትንሽ ምልክት ልታገኝ ትችላለህ፤ ቀስቷ የተመረተበትን ወር ትጠቁማለች፣ መሃሏ ላይ ዓመቱ አለ። የእኔን ትናንት አየሁት። ከልጄ ይበልጣል።