ስለ ወገብ ዲስክና ሲቲ ስካን ጠይቁኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ውስጥ ሲቲ ስካን ክፍል የምሠራ የራዲዮሎጂ ባለሙያ ነኝ። ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከወረኢሉ ወገቡን ይዞ የሚመጣ ሰው ሳላይ የምውልበት ቀን የለም። የከበዳችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ባጃጅ እነዳለሁ። ራጅ ተነስቼ «ምንም የለብህም» ተባልኩ፤ ግራ እግሬን ግን እስከ አውራ ጣቴ ይነዝረኛል።

አብሽር ወንድሜ። ራጅ በደንብ የሚያሳየው አጥንትን ነው። ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ አይታይበትም፤ ቢበዛ በሁለት አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ጠቦ ይታያል። ሲቲ ዙሪያህን እየዞረ ያነሳና ወገብህን በስስ በስሱ የተቆረጠ ያህል አድርጎ ያሳየናል። አጥንቱ ነጭ፣ ዲስኩ ግራጫ፣ በነርቩ ዙሪያ ያለው ስብ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ዲስኩ ወደ ኋላ ሲወጣ ያን ጥቁር ስብ ገፍቶ ያጠፋዋል። እኔም ምስሉን ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት የታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ናቸው። ወደ አውራ ጣት የሚነዝር ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከኤል 5 ነርቭ፣ ማለትም ከአምስተኛው የወገብ አጥንት ሥር ከሚወጣው ነርቭ፣ ይመጣል፤ ወደ ትንሿ ጣት ከሆነ ደግሞ ከሱ በታች ያለውን ኤስ 1 ነርቭ እንጠረጥራለን። የሚነዝርህን መስመር ለሐኪምህ በጣትህ አሳየው።

ጥያቄ፦ አዲሱ ሲቲ ኤምአርአይን ተክቷል ይባላል፤ እውነት ነው?

ኤምአርአይ በጨረር ሳይሆን በማግኔት የሚያነሳው መሣሪያ ነው፤ ሲቲ አልተካውም። አዲስ የሚባለው ዓይነት በሁለት የተለያየ ኃይል ባላቸው ጨረሮች ያነሳል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አነጻጽሮ ካልሲየሙን ከምስሉ ይቀንስና ዲስኩን በቀለም ለይቶ ያወጣዋል፤ በተለመደው ሲቲ ያመለጠ ትንሽ የዲስክ መውጣት በዚህ ሊገኝ ይችላል። ነርቭንና ኅብለ ሰረሰርን ለማየት ግን አሁንም ኤምአርአይ ይቀድማል። ሲቲ የሚበልጠው የደነደነ ዲስክንና የአጥንት ትርፍን በማሳየት ነው። ከጦርነቱ የቀረ ፍንጣሪ በሰውነታቸው ያለባቸው ወገኖችም አሉን፤ የኤምአርአይ ማግኔት ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል ለእነሱ ሲቲ ትልቅ ነገር ነው። ኤምአርአይ የምትነሡ ከሆነ ግን ፍንጣሪ እንዳለባችሁ ሳትናገሩ እንዳትገቡ፣ አደራ።

ጥያቄ፦ ጨረሩ አይጎዳም?

አንድ የወገብ ሲቲ ከተፈጥሮ በሁለት ሦስት ዓመት የምናገኘውን ያህል ጨረር ይሰጣል። ለተገቢ ምክንያት አንዴ መነሣት አያስፈራም፤ በየወሩ መነሣት ግን ልክ አይደለም። እህቴ፣ እርግዝና ከጠረጠርሽ ሳትገቢ ንገሪን።

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ሪፖርቱ «ዲስኩ አርጅቷል» ይላል። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸዋል?

በዚህ ቃል ስንቱ እንቅልፍ አጥቷል! በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ተመልክቶ ነበር። የዲስክ እርጅና ከ20 ዓመት ወጣቶች በ37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን በ96 በመቶው ተገኝቷል። እንደ ሽበት ቁጠሩት። አባትህ እግራቸው ካልዛለ፣ ሲሄዱ ካላነከሱ፣ ሪፖርቱ ብቻውን ለቢላዋ አይበቃም። የወጣ ዲስክ እንኳ በአብዛኛው ሰው ላይ በ6 እና በ12 ሳምንት መካከል ያለ ኦፕራሲዮን ይሻላል።

ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል የሚያስኬደው ሌላ ነው፦ ሽንት አልወጣ ሲል ወይም ሲያመልጥ፣ በጭንና በመቀመጫ መካከል ሲደነዝዝ፣ እግር እየከዳ ሲሄድ።

ጥያቄ፦ ወጌሻ ጋ ልሂድ?

ምስል ሳትነሣ ወገብህን አታስጠምዝዝ። የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ በመድኃኒት ይድናል፤ በቲቢ የሳሳ አጥንት ግን ቢታሽ ሊሰበር ይችላል።

ጥያቄ፦ ስመጣ ምን ልያዝ?

የድሮ ፊልምህን፣ ሳይታጠፍ። ባለፈው አንድ አባት በፌስታል አራት አጥፈው አመጡልኝ፤ እጥፋቱ የተሰነጠቀው ልክ በምንፈልገው ዲስክ ላይ ነበር። ጠቅልላችሁ በክር እሰሩት።