ወንዝ ሽቅብ ሲወጣ ለማየት ለምትሄጂው እህታችን

ጥያቄሽ ይህ ነበር፦ «የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ በመስከረም ለትምህርት ወደ ቻይና፣ ሃንግዡ እሄዳለሁ። የባሕር ማዕበል ወንዙን ሽቅብ ሲወጣና ሰዎች በሰርፍ ሰሌዳ ሲጋልቡት በቪዲዮ አየሁ። የት ቆሜ ልየው? እኔስ መጋለብ እችላለሁ? የእኛ ዓባይስ ለምን እንዲህ አያደርግም?» እዚያው ከተማ ስለተማርኩና ወንዙ ዳር ደጋግሜ ስለቆምኩ፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከዓባይ ልጀምር፤ ምክንያቱን ካወቅሽ ሌላው ይቀልልሻል። ያ ማዕበል የሚነሣው ከወንዙ ሳይሆን ከባሕሩ ነው። ባሕሩ በጨረቃና በፀሐይ ስበት በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሙላቱ ከፍተኛ ከሆነ፣ የወንዙ አፍ ደግሞ እንደ ጥሩምባ ከሰፊ ወደ ጠባብ የሚሄድና ጥልቀት የሌለው ከሆነ፣ ውሃው መግቢያ አጥቶ ይከመርና ግድግዳ ሠርቶ ወንዙን ሽቅብ ይነዳል። የሃንግዡ ባሕረ ሰላጤ አፉ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ የንጓን የምትባለው ከተማ ጋ ሲደርስ ግን ቺያንታንግ ወንዝ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ከሥሩም ትልቅ የአሸዋ ክምር ተኝቶበታል። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት በአንዳንድ ቀን ከ8 ሜትር ይበልጣል። ጣና ክረምቱን ሙሉ ዘንቦበት የሚጨምረው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ እዚያ ያ ሁሉ ውሃ የሚመጣው በሰዓታት ውስጥ ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ታች ስንወርድ ደግሞ ጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ይወረወራል፤ ያንን የሚወጣ ማዕበል የለም። ዓባይ ባሕር የሚገባበት የግብፅ ዳርቻም ቢሆን የሜዲትራንያን ሙላት ከግማሽ ሜትር ያነሰ ስለሆነ፣ ወንዙን የሚገፋ ጉልበት አያገኝም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለአንቺ ደኅንነት ስለሚጠቅም ነው። ዓባይ ዳር ያደገ ሰው ውሃ ከአንድ ወገን ብቻ እንደሚመጣ ዓይኑም ጆሮውም ለምዷል። ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን እንጂ ከታች የሚመጣውን አይጠብቅም። የንጓን ላይ ወንዙ ረጋ ብሎ ወደ ምሥራቅ ሲፈስ ታያለሽ፤ ምንም የሚያሰጋ ነገር አይታይም። ፊትሽን ወንዙ ወደሚሄድበት፣ ወደ ባሕሩ አዙረሽ ቁሚ። መጀመሪያ የሚደርስሽ ድምፁ ነው። ጢስ ዓባይን በነሐሴ የሰማ ሰው እንኳ ይደነግጣል፤ የፏፏቴው ድምፅ ባለበት ይቆያል፣ ይህኛው ግን ወደ አንቺ እየቀረበ ይመጣል። ቀጥሎ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ነጭ መስመር ይታይሻል፤ ከዚያ መስመሩ ቁመት ያወጣል። በፊትሽ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ይጮኻል፤ እኔም ጮኼያለሁ፤ ደጋግሞ ማየቱ ደስታውን አይቀንሰውም።

አሁን በደንብ ስሚኝ፤ የምትረሺው ሌላውን ይሁን እንጂ ይህን አይሁን። ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ ግድግዳውን እያየ ሳለ አይደለም። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ወንዙ ወደ ላይ መፍሰሱን፣ ውሃውም ማደጉን ይቀጥላል። ሰው «አለቀ» ብሎ ፎቶ ለመነሣት ወደ ዳር ሲወርድ፣ ከወንዙ ዳር ግንብ ጋር ተላትሞ የተመለሰው ውሃ ጠራርጎ ይወስደዋል። ከየንጓን ወደ ላይ፣ ላኦየንጻንግ የሚባል ቦታ ላይ ማዕበሉ ግንቡን መትቶ ወደ ኋላ ይፈነዳል። እጅግ የሚያምርም እጅግ አደገኛም ነው። በኦገስት 2013 እ.ኤ.አ. ከአውሎ ነፋስ ጋር ተገጣጥሞ ግንቡን ዘሎ ብዙ ተመልካቾችን አቁስሏል። ስለዚህ ከአጥሩ ጀርባ ቁሚ፣ በወንዙ ዳር ያሉት ደረጃዎች ላይ በፍጹም አትውረጂ፣ ጠባቂ ሲያፏጭ ደግሞ ቋንቋው ባይገባሽም ተመለሺ። የአገሬው ሰው የንጓን ላይ አይቶ በመኪና ማዕበሉን ቀድሞ ላኦየንጻንግ ይደርሳል፤ በመካከል ግማሽ ሰዓት ገደማ አለሽ። መኪና የያዘ ጓደኛ ካገኘሽ እንዲህ አድርጊ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ትልቁ የሚባለው በቻይናውያን የጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር በ18ኛው ቀን ነው። በእኛ ብዙውን ጊዜ በመስከረም፣ በመስቀል ዙሪያ ይውላል። ያን ቀን ግን ሕዝቡ ከማዕበሉ ይበልጣል፤ ወንዙን ሳይሆን የፊትሽን ሰው ማጅራት ስታዪ ትውያለሽ። እኔ የምመርጠው ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ወይም በሌላ ወር ነው፤ ጨረቃ ከሞላች ወይም አዲስ ከወጣች በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ጥሩ ማዕበል ይመጣል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ዘመድ ካለሽ የጨረቃዋን ሌሊት ቆጥሮ ይነግርሻል። ሰዓቱን ግን ከዚያው ከሚወጣው ሠንጠረዥ ውሰጂ፤ ለዚህ ወንዝ የመጀመሪያው የሙላት ሠንጠረዥ የተዘጋጀው በ1056 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልምዳቸው የዋዛ አይደለም። በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ሠንጠረዡ 13:00 ሲል በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ማለት ነው፤ ቀድመሽ ድረሺ፣ ማዕበሉ ካመለጠሽ ሌላው ከ12 ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ምናልባትም በጨለማ ነው የሚመጣው። ከሃንግዡ ወደ ሃይኒንግ በባቡር ቅርብ ነው፤ የንጓን ያለችው በዚያው በሃይኒንግ ሥር ነው።

መጋለቡን እዚያ እርሺው። ቺያንታንግ ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም አልመክርሽም። ትልቁ ማዕበል እስከ 9 ሜትር ይደርሳል ይባላል፤ ፍጥነቱም በሰዓት እስከ 40 ኪሎ ሜትር። በየቀኑ እንዲህ አይሆንም፣ ሆኖም የግንቡ ዳር መውጫ የለውም። ለመማር የተሻለው የፈረንሳዩ ዶርዶኝ ወንዝ ነው፤ ሳን ፓርዶን በምትባል ትንሽ የወንዝ ዳር መንደር በበጋቸው መጨረሻና በመከር ሰው በሰሌዳም በካያክም ተሰልፎ ይጠብቃል። እዚያ አካባቢ ያደገ የክፍል ጓደኛዬ እንደነገረኝ፣ ትልቁ ጥንቃቄ መውጫሽን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ማዕበሉ ጥሎሽ ቢሄድም ውሃው ሽቅብ ይወስድሻልና፣ ከገባሽበት በላይ የት እንደምትወጪ አይተሽ ግቢ። ግንድም ይዞ ይመጣል። በእንግሊዝ ሰቨርን ወንዝም ይጋለባል፤ የመጀመሪያው ጋላቢ በ1955 እ.ኤ.አ. ጃክ ቸርችል የተባለ የጦር መኮንን ነበር።

ልምምዱን ግን ጣና ላይ ለመጀመር እንዳታስቢ። የዓባይ መውጫ ጉማሬ አለበት፤ የሐይቁ ዳር ደግሞ ቢልሃርዚያ ያስይዛል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የሚያነሣውን ሞገድ ታንኳ ቀዛፊዎቹ ራሳቸው ይሸሹታል፤ ለዚህ ነው ማለዳ የሚቀዝፉት። ዋናን በገንዳ ውስጥ፣ ልብስ ለብሰሽም ጭምር ተለማመጂ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልቤን ስለሚነካው። እነዚህ ማዕበሎች ይሞታሉ። በፈረንሳይ ሴን ወንዝ ላይ የነበረው ወንዙ ለመርከብ ሲቆፈር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጠፋ። በብራዚል አራጓሪ ወንዝ ላይ በዓለም የታወቀው ደግሞ በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. ውስጥ ቀረ፤ የጎሽ እርባታና የተቆፈሩ ቦዮች ውሃውን ወደ ሌላ መንገድ ስለወሰዱት። ካናዳ ሞንክተን ከተማ ያለው ፔቲኮዲያክ ወንዝ በ1968 እ.ኤ.አ. በተሠራ መሻገሪያ ግድብ ደክሞ ነበር፤ በሮቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲከፈቱ ማዕበሉ ተመለሰ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ሰዎች ብዙ ኪሎ ሜትር ጋለቡት። ጢስ ዓባይ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ተወስዶ በበጋ ቋጥኙ ብቻ ሲቀር ያየን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ዕድሉ ሲገኝ እዪው፤ ከመሄድሽ በፊትም በአንዱ ቅዳሜ ጢስ ዓባይ ውረጂ፤ በጳጉሜንና በመስከረም ሙሉ ነው፣ ከዚያኛው ጋር የምታነጻጽሪበት ድምፅ ይኖርሻል።

የበረራሽን ቀን ስትቆርጪ እዚህ ጻፊልኝ፤ ከጨረቃው ጋር አስተያይቼ የትኛው ቅዳሜ እንደሚሻልሽ እነግርሻለሁ።